ለአባታችሁ መኪና አትምረጡለት፤ ጥያቄውን አሳንሱለት

አባቴ መኪና ሊገዛ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለሱቁ ያውቃል፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞቹ ያውቃሉ፣ ጎንደር ያለው ደላላም ስልኩን «የደባርቁ ጋሼ» ብሎ መዝግቦታል። እርግጠኛ ያልሆነው አባቴ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ «በዚህ ሳምንት እንቆርጣለን» ይላል፣ ሳምንቱ ያልፋል፣ «እስቲ ደግሞ እንየው» ይላል።

እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ተምራ የተመለሰች ልጁ ነኝ። ስለዚህ ችግሩ የመረጃ እጥረት መሰለኝ። የቴሌግራም የመኪና ሽያጭ ቻናሎችን አስከፈትኩት፣ ዩቲዩብ ላይ የመኪና ግምገማ አሳየሁት፣ ስድስት መኪና ያለበት ሠንጠረዥም ሠራሁለት። ባሳየሁት ቁጥር ውሳኔው ራቀ። አማራጭ ጨመርኩለት እንጂ ጭንቀቱን አልቀነስኩለትም።

ይህን የምጽፈው የእናንተም አባት ወይ እናት «እስቲ እንየው» እያሉ ዓመት ካስቆጠሩ፣ እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እናንተም እንዳታባክኑ ነው። ጉዳዩ ስለ መኪና ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ ትልቁ ገንዘብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም፣ ሳይወጣ ከተቀመጠም ይሟሟል።

ላንድክሩዘሩ ከሄደ በኋላ

አባቴ ጉልምስናውን የጨረሰው ላንድክሩዘር መሪ ላይ ነው። ከደባርቅ እንግዳ ይጭናል፣ በቡይት ራስ አድርጎ ሳንቃ በር፣ ከዚያም ጨነቅ ያደርሳል፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያወርዳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ኋላ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2009 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ አባቴ እንደ ግል ሹመቱ ነበር ያከበረው። «አሁን እንግዳ ይበዛል» አለ። ጎማ ቀየረ፣ ወንበር አሰፋ።

ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 ጦርነቱ መጣ፤ ነሐሴ ላይ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደረሰ። ከዚያም ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ላንድክሩዘሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይጠለልበት ጀመር። በ2015 ሸጠው። ገንዘቡን ባንክ አስገባና «ለኔና ለእናትሽ የምትሆን አንድ መኪና እገዛበታለሁ» አለ።

ከዚያ ሊወስን በተቃረበ ቁጥር አገሩ ከሥሩ ይነሳበታል። በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት አሳወቀ። አባቴ «ቆይ ነገሩ ይጥራ» አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። «ቆይ ዋጋው ይረጋጋ» አለ። በ2014 ማብቂያ በሊትር 50 ብር ያልሞላው ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር ተሻገረ። «ቆይ ነዳጁን እንየው» አለ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት የቤታችን ሕገ መንግሥት ሆነ።

መጠበቅም ዋጋ አለው

እኔ ያኔ የምመልስለት በሂሳብ ነበር። ሂሳቡ ትክክል ነው፣ ስለዚህ እናንተም ያዙት። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ከዚያ ቢረግብም ከቁጠባ ወለዱ በላይ ሲሄድ ቆይቷል። 1 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ አስቀምጣችሁ ዋጋ በ30 በመቶ ቢያድግ፣ በዓመቱ እጃችሁ ላይ 1 ሚሊዮን 70 ሺህ ብር ይኖራል። አምና በሚሊዮን ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ገብቷል። ማንም ሳይሰርቃችሁ 230 ሺህ ብር ጎደላችሁ ማለት ነው።

መኪና ደግሞ ሌላ አገር ከመሸጫው ግቢ በወጣ ማግስት ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው። እኛ ጋ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፣ ምንዛሪው ተከተለ፣ እገዳው ተጨመረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በብር ሲለካ እየተወደደ መጣ። አባቴ ያን ጊዜ «ተወደደ» ብሎ የተወው መኪና ዛሬ ቢገኝ እንደ ርካሽ ይነጠቃል።

ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሂሳብ አባቴን አንድ ስንዝር አላንቀሳቀሰውም። እንዲያውም አስፈራው። ቀድሞ አለመግዛቱ ጥፋት እንደነበር በቁጥር ነገርኩት እንጂ አሁን ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትም። ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ «ተከስረሃል» ስትለው ማን ደስ ይለዋል?

የኔ ሠንጠረዥ፣ የሱ ጥያቄ

ሠንጠረዤ ላይ አንደኛ የወጣው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው። በ2014 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥሞ የሚገባው ላይ የቀረው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ነበር። የመንጃ ወጪውም አይወዳደርም። አንድ ትንሽ የቤንዚን መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 7 እና 8 ሊትር ቢበላ፣ በሊትር 100 ብር ብናስበው እንኳ ከ700 ብር በላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ለዚያው መንገድ 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢፈልግ፣ በቤት ታሪፍ የነዳጁን ሩብ አይሞላም።

«አባባ፣ በሁሉም የሚበልጠው ይሄኛው ነው» አልኩት።

ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን አየ። «ያምራል» አለ። ከዚያ «መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ እናትሽን በምን ጎንደር አደርሳታለሁ?» አለኝ።

እናቴ ጎንደር ሆስፒታል ክትትል አላት። መልስ አልነበረኝም።

«ሲበላሽስ? እዚህ ያለው መካኒክ ሞተር በድምፁ ነው የሚያውቀው። ይሄ ድምፅ የለውም።»

ይህችኛዋ አሳቀችኝ፤ ግን እውነት ናት። ፍሪሲዮን፣ ራዲያተር፣ ባልስትራ የሚባለውን ዕቃ ደባርቅ ውስጥ የሚያወርድና የሚገጥም እጅ ሞልቷል። ባትሪ የሚከፍት ባለሙያ ግን እኛ ጋ ገና ነው።

ሦስተኛው ጥያቄው «ዳገት ይወጣል ወይ?» ነበር። እዚህ ላይ ተሳስቷል፣ ነገርኩትም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም። ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ሲወርድ ደግሞ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፣ ፍሬኑም አይግልም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ቶን መኪና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 700 ሜትር የሚሆን የከፍታ ልዩነት ለመውጣት የሚፈልገው ተጨማሪ ኃይል 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ደርሶ መልሱን ይችላል። በተራ የቤት ሶኬት 10 ሰዓት ከተሞላም 100 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ያገኛል። መብራት ካለ።

«መብራት ካለ» ብሎ ደገመልኝ አባቴ።

በቃ፣ እሱ ሁለት፣ እኔ አንድ። ሠንጠረዡ ላይ የመብራት መቋረጥ የሚባል ዓምድ አልነበረም። የመኪናውን ዋጋ ቆጠርኩ እንጂ የምንኖርበትን ቦታ አልቆጠርኩም።

«እንግዳ ሲመለስስ?»

ቢሆንም ኤሌክትሪኩን ከዝርዝሩ ስናወጣም አልወሰነም። ትንሽ ኮሮላ ስለው «ሜዳ ላይ ነው» ይላል። ፒክአፕ ስለው «ነዳጁ» ይላል። «ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳትሆን» ብዬው ተቆጣኝ።

እንቅፋቱን ያገኘሁት በሂሳብ አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ቡና ላይ፣ እናቴ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች፣ ዝም ብዬ «አባባ፣ ኮሮላ ብትገዛ የሚቆጭህ ምንድን ነው?» አልኩት። የትኛው ይሻላል አላልኩትም። የሚቆጭህ ምንድን ነው ነው ያልኩት።

ስኒውን አስቀመጠ። «እንግዳ ሲመለስስ?» አለ። «ኮሮላ ሳንቃ በር አይወጣም። እኔ ኮሮላ ከገዛሁ ቱሪስት አይመጣም ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ይሄ ነው። ትምህርት ቤት «የመጠበቅ ዋጋ» ብለን የተማርነው ነገር ነው፤ ሰው ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ በሩን ክፍት ለማቆየት የሚከፍለው ዋጋ። አባቴ ግራ የተጋባ ሰው አልነበረም። ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ተስፋውን ይጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ኪሎዋት አወራው ነበር።

ወላጆቻችን ላይ ይህ ሲደርስ «አርጅተው ነው»፣ «ቴክኖሎጂው አልገባቸው ብሎ ነው» ማለት ይቀለናል። ብዙ ጊዜ ግን የማይቆርጡት መኪናውን ሳይሆን ከመኪናው ጀርባ ያለውን ሌላ ነገር ነው። አንዷ እናት ትልቅ መኪና የምትፈልገው ልጆቿ ለበዓል ተሰብስበው እንደሚመጡ ስለምታስብ ይሆናል። አንዱ አባት ማኑዋል ካምቢዮ ካልሆነ የሚለው «አውቶማቲክ የሽማግሌ ነው» መባልን ፈርቶ ይሆናል። ያንን ሳታገኙ መቶ ማስታወቂያ ብታሳዩአቸው መቶ አንደኛውን ይጠይቋችኋል።

ጥያቄውን ማሳነስ

ተስፋው ከታወቀ በኋላ ሥራው ቀለለ። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያለፉትን ሁለት ወራት ጉዞ ወረቀት ላይ ጻፍን። እናቴን ይዞ ጎንደር፣ ሁለት ጊዜ። ዳባት፣ የእህቱ ቤትና የገብስ ማሳው፣ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ተዝካር፣ ሁሉም ደባርቅ ዙሪያ። ሳንቃ በር፣ ዜሮ። ከተጓዘው መንገድ አብዛኛው አስፋልት ነው። ይህን እኔ ብነግረው ይከራከረኝ ነበር። በገዛ እጁ ስለጻፈው ዝም ብሎ አየው።

ቀጥሎ ተስፋውን ከመኪናው ለየነው። እንግዳ ሲመለስ ምን ያስፈልጋል? ላንድክሩዘር። የግድ ያንተ መሆን አለበት? የለበትም። ቀን ተከራይቶ መሥራት ይቻላል፤ መንገዱን የሚያውቀው አንተ ነህ፣ መኪናው አይደለም። ይህን ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ለማይታወቅ ነገ ሙሉ ገንዘቡን ከማሰር፣ ነገ ሲመጣ የኪራይ ከፍሎ መሥራት ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ ስድስቱን መኪና ወደ ሁለት አወረድናቸው፤ ያገለገለ ኮሮላና ያገለገለ ፒክአፕ። ቴሌግራሙን ከስልኩ ላይ ድምፁን ዘጋሁት። አማራጭ ሲበዛ ሰው አይመርጥም፣ ይሸሻል።

አራተኛ፣ ቀን ቆረጥን። «እስከ ጥምቀት» አልን። ከጥምቀት በኋላ ስለ መኪና አይወራም፤ ወይ ተገዝቷል፣ ወይ ገንዘቡ ሌላ ሥራ ላይ ይውላል።

አምስተኛው የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አሜሪካኖች ውጩ አምሮ ውስጡ የተበላሸ መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባለው ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሎሚ ጽፎ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢ ስለሚጠራጠር ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ይላል፤ ገበያ ላይ ሎሚው ይበዛል። ስለዚህ መካኒኩን እናንተ ምረጡት፣ ሻጭ ያመጣላችሁን አትቀበሉ። የመካኒኩን ዋጋ እናንተ ክፈሉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።

እኛ መጀመሪያ ያየነው ኮሮላ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በስልኩ መብራት አየና ሊብሬውን ጠየቀ። የሞተሩ ቁጥር አይገጥምም። ሻጩ ብዙ ታሪክ ነገረን። አባቴ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ቀለሙ የነተበ ነበር። መካኒኩ አስነስቶ አዳመጠው፣ ዳገት ላይ አስነዳው፣ ተመልሶ እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይኼን ሞተር እኔም አውቀዋለሁ፣ አንቱም ያውቁታል። የቀረው ቀለም ነው» አለ።

የመጨረሻው፣ ገንዘቡን ሁሉ መኪናው ላይ አላፈሰስንም። ስም ማዛወሪያ አለ፣ ቦሎ አለ፣ በሕግ የግድ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን አለ፣ አራት ጎማ አለ። ለነዚህ አስቀድመን ለየን። ባገለገለ መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ጋራዥ የማይሄድ የለም።

ለውሳኔ ሰጪዎችም አንድ ቃል

የኤሌክትሪክ መኪና ፖሊሲውን አልቃወምም። ነዳጁን በዶላር እንገዛለን፣ መብራቱ የራሳችን ነው፤ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ቤቱ መብራት የማይቋረጥበት፣ በቅርብ ጋራዥ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ዛሬም «ኤሌክትሪክ ግዛ» እለዋለሁ። ግን አዲስ ሲባል ኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ፣ ከጎንደር ደባርቅ ባለው መንገድ ላይ አስተማማኝ መብራትና መሙያ፣ በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁም ባትሪ የሚፈታ ወጣት አብሮ መምጣት አለበት። ያ እስኪሆን ድረስ አዲሱ መኪና የከተማ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ የኛ አባቶች አሮጌውን እየተሻሙ ያወደዱታል። የአባቴ ማመንታት ከፊሉ የሱ ጠባይ ነው። ከፊሉ ግን ሕጉ እዚህ ድረስ ሲመጣ መንገድ ላይ የጎደለው ነገር ነው።

ኮሮላዋ ግቢያችን ከገባች ሦስት ሳምንት ሆናት። ከጥምቀት በፊት በአራት ቀን ፈረመ። እኔ አልመረጥኩለትም፤ ሠንጠረዤም ሌላ ነበር የሚለው። ባለፈው ሐሙስ እናቴን ይዞ ጎንደር ደርሶ መጣ። አምባ ጊዮርጊስ ዳገት ላይ ትንሽ አቃስታለች ይላል።

ትናንት ማታ የድሮ ላንድክሩዘር ያለው ወዳጁ ጋ ደውሎ ሲያወራ ሰማሁት። የቀን ኪራዩ ስንት እንደሆነ እየጠየቀ ነበር። «ለምንድን ነው?» ስለው «ምናልባት» አለ።